ስለ ኮከቦች ወይና ደጋ የሚያስተምር ጌም ስትመርጡ፦ ለጎንደር ወላጆችና የሳይንስ ክበቦች

ክረምት ላይ ጎንደር ሲበርድ፣ እናቴ ቤት የከሰል ማንደጃው ሳሎን መሃል ይቀመጣል። በሩ ገርበብ ይላል። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ጥግት ብሎ ይቀመጣል፤ ጉልበቱን ሲፈጀው ብድግ ብሎ ወደ በሩ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ይበርደዋል። እናቴ "አንተ ልጅ፣ አንድ ቦታ አርፈህ ተቀመጥ እንጂ!" ትለዋለች። አንድ ምሽት ወንበሩን መሃል ላይ አደረገና ተመቸው። "እዚህ ጥሩ ነው አጎቴ" አለኝ። "ከሰል ቢጨመርበትስ?" አልኩት። ትንሽ አሰበ። መልስ አልሰጠኝም፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ጎተተ።

ሳይንሱ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ኮከብ በዙሪያው እንዲህ ያለ ቦታ አለው። በጣም ሲጠጉት ውሃ ይተናል። በጣም ሲርቁት በረዶ ይሆናል። መሃል ላይ ግን ውሃ በፕላኔቷ ገጽ ላይ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ይህ ቦታ "ለሕይወት ምቹ ቀጠና" ይባላል። እኔ ለልጆች ስነግራቸው የኮከብ ወይና ደጋ እለዋለሁ። ጎንደር ያደገ ልጅ ሌላ ምሳሌ አያስፈልገውም። ወደ መተማ የወረደ ቆላን ያውቃል፤ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች የወጣ ውርጭን ያውቃል።

ባለፉት ወራት ከእህቴ ልጅና ከሰፈራችን የሳይንስ ክበብ ልጆች ጋር ሆነን ይህን ነገር የሚያሳዩ ጌሞችን ስንሞክር ቆየን። ብዙዎቹ አንድ ጉድለት አላቸው። ልጁ ፕላኔቷን ምቹ ቀጠናውን የሚያሳየው አረንጓዴ ቀለበት ውስጥ ካስገባ ነጥብ ይሰጡትና ያልፋሉ። ጥሩ ጌም ግን እዚያ ላይ አይቆምም። "ገባች፤ ታዲያ ውሃ አላት ወይ? አየርስ?" ብሎ ይጠይቃል። ወይና ደጋ የሆነ መሬት ሁሉ ጤፍ አያበቅልም። አፈሩም፣ ዝናቡም መታየት አለበት። ንጽጽሬ በሙሉ የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስልኩን

ከሳይንሱ በፊት የስልኩን ጉዳይ እንጨርስ። አብዛኞቻችን እጅ ላይ ያለው ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ ወይም አነስ ያለ ሳምሰንግ ነው። ሜሞሪው በፎቶና በቪዲዮ ተጨናንቋል። ዳታ በፓኬጅ ይገዛል። መብራትም ኔትወርክም በፈለጋችሁት ሰዓት ላይገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ከማማሩ በፊት ያለ ኢንተርኔት መከፈቱን ጠይቁ።

ይህን የተማርኩት ከደረሰብኝ ነው። አንድ ቅዳሜ ለክበቡ ልጆች አንድ ጌም አውርጄ ሄድኩ። ስከፍተው "ተጨማሪ ፋይል ይውረድ" አለኝ። አሥራ ሁለት ልጆች አንድ ስልክ ከበው እያዩ ዳታዬ አለቀ። ልጆቹ ምንም አላሉም፤ እኔን ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጌም ዋይፋይ ባለበት አንዴ ከፍቼ እስከ ሁለተኛው ደረጃ እጫወተዋለሁ። ከዚያ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጌ እንደገና እከፍተዋለሁ። ያኔ ከተከፈተ ወደ ልጆቹ ይዤው እሄዳለሁ።

ቋንቋም አለ። እኛ ሁሉንም የተጫወትናቸው በእንግሊዝኛ ነው። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ላለ ልጅ አጠገቡ ሆኖ የሚያነብለት ሰው ያስፈልጋል። ቃል አሳንሶ በቀለምና በጣት የሚሠራ ጌም ስታገኙ ቅድሚያ ስጡት።

ሳይንሱን በአሥር ደቂቃ መፈተሽ

አንድ ጌም ትክክል ይሁን አይሁን ለማወቅ የፊዚክስ መምህር መሆን አያስፈልግም። እኔ አራት ነገር እሞክራለሁ።

የመጀመሪያው ወንበሩን የመጎተት ፈተና ነው። የኮከቡን ብርሃን በአራት እጥፍ ጨምሩት። ቀለበቱ በሁለት እጥፍ መራቅ አለበት። በአራት ሳይሆን በሁለት። ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰን ብርሃን ሩብ ስለሚሆን ነው። ብርሃኑን ወደ አንድ መቶኛ ብታወርዱት ደግሞ ቀለበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ርቀት ይሰበሰባል። ልጁ ቀመሩን ሳያውቅ ይህን በጣቱ ማየት አለበት። ኮከቡ ተለውጦ ቀለበቱ ንቅንቅ የማይል ከሆነ ጌሙን አጥፉት።

ሁለተኛው የአጥቢያ ኮከብ ፈተና ነው። ጎህ ሳይቀድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው አጥቢያ ኮከብን ያውቃታል። እሷ ቬነስ ናት። ከፀሐይ 108 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ እኛ 150 ሚሊዮን። ርቀቱን ብቻ ያየ ሰው "ትንሽ ትሞቃለች" ይላል። ገጿ ላይ ያለው ሙቀት ግን 465 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ለፀሐይ ይበልጥ የምትቀርበውን ሜርኩሪን እንኳ ትበልጣለች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበት ወፍራም ከባቢ አየሯ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። ቆላ ወርዶ ቡልኮ እንደ መደረብ ነው። ማርስ ደግሞ 228 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ሆና ልብሷ ሳስቷል፤ የአየሯ ግፊት የእኛን አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። የእኛም መሬት ብትሆን ሙቀት የሚይዝላት አየር ባይኖር አማካይ ሙቀቷ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ይሆን ነበር። ጣና በረዶ ይሆን ነበር ማለት ነው። አሁን 15 ዲግሪ ገደማ የሆነው በዚሁ ልብስ ነው።

ስለዚህ ፕላኔቷን ከቦታዋ ሳታነቃንቁ አየሯን ለውጡ። ሙቀቷ ካልተለወጠ ጌሙ የሚያውቀው ርቀትን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቀይ ድንክ ኮከቦችን ይመለከታል። ቀዝቃዛና ደብዛዛ ናቸው፤ ግን በእኛ ጋላክሲ ካሉት ከዋክብት ሦስት አራተኛ ያህሉ እነሱ ናቸው። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ 4.2 የብርሃን ዓመት ይርቃል (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)። በ2016 እ.ኤ.አ. በዙሪያው አንዲት ፕላኔት መኖሯ ታወቀ። ፕሮክሲማ ቢ ትባላለች። ቀለበቱ ውስጥ ናት፤ ዓመቷ ግን 11 ቀን ብቻ ነው። ከሰሉ ስላነሰ ወንበሩ በጣም ተጠግቷል። መጠጋቱ ደግሞ ዋጋ አለው። እንዲህ የቀረበች ፕላኔት አንድ ፊቷን ብቻ ወደ ኮከቡ አድርጋ ልትቀር ትችላለች፤ ግማሹ ሁልጊዜ ቀን፣ ግማሹ ሁልጊዜ ሌሊት። ኮከቡም ድንገት የሚፈነዳ ጨረር ይረጫል፤ ይህ ጨረር ከባቢ አየርን ሊገፍ ይችላል። ጌሙ ስለዚህ ነገር አንድ መስመር እንኳ ካለው ሠሪዎቹ አስበውበታል ማለት ነው።

አራተኛውን የምወደው የራሳችን ስለሆነ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ስም እንዲያወጡ ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ ነው። ኮከቡ "ቡና"፣ ፕላኔቷ "አቦል" ተባሉ። አቦል ከጁፒተር ብዙ እጥፍ የምትከብድ የጋዝ ፕላኔት ናት፤ መቆሚያ መሬት የላትም። ምህዋሯ፣ ማለትም በኮከቡ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ፣ ክብ ሳይሆን እንደ እንቁላል የተለጠጠ ነው። አንዴ ወደ ቡና ትቀርባለች፣ አንዴ ትርቃለች። ጌሙ የተለጠጠ ምህዋር እንድትሠሩ ከፈቀደላችሁ አቦልን ሞክሯት። ወይና ደጋው ውስጥ ገብታ ስትወጣ ልጆቹ በዓይናቸው ያያሉ። "ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ካልቆየች ትቆጠራለች?" ብሎ የጠየቀኝ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነው። ተመራማሪዎችም ይህንኑ ይጠይቃሉ።

ከሞከርናቸው ውስጥ

እንደ ጌም ፈጣኑ ሱፐር ፕላኔት ክራሽ ነው። ስቴፋኖ ሜስኪያሪ የተባለ የሥነ ፈለክ ባለሙያ የሠራው ነው፤ በብራውዘር ይከፈታል፣ ነጻ ነው። ኮከቡ መሃል ላይ አለ። ልጁ በጣቱ ፕላኔት ያስቀምጣል፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሥርዓቱ ሳይፈርስ 500 ዓመት መቆየት አለበት። ቀለበቱ ውስጥ ያስቀመጠው ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ችግሩም ትምህርቱም እዚያ ላይ ነው፤ ነጥብ ፍለጋ ሁሉንም ቀለበቱ ውስጥ ሲያጭቃቸው በስበት ይጓተቱና ይጋጫሉ። አንድ ዙር ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ ስለዚህ አንድ ስልክ ለብዙ ልጅ ይዳረሳል። ለክበብ የምመርጠው ይህንን ነው። ስለ አየርና ስለ ውሃ ግን ምንም አይልም። የአጥቢያ ኮከብን ፈተና አያልፍም፤ ያንን እናንተ በአፋችሁ ሙሉት።

የናሳው አይስ ኦን ኤክሶፕላኔትስ ጌም አይደለም። የሰማይ ካርታ ነው በሉት። እሱም ነጻ ነው፣ በብራውዘር ነው፤ ሲከፈት ግን ዳታ ይፈልጋል። የታወቁትን ፕላኔቶች ፈልጎ በምስል መጎብኘት ይቻላል። የየኮከቡን ምቹ ቀጠና ያሳያል፤ ሥርዓቱን ከእኛ የፀሐይ ቤተሰብ ጋር ያነጻጽራል። አቦልን በኤችዲ 16175 ስም ፈልጓት። ልጅ ብቻውን ሲይዘው ቶሎ ይሰለቸዋል፣ የሚያሸንፈው ነገር የለማ። ታሪክ የሚነግር ትልቅ ሰው አጠገቡ ካለ ግን አንድ ሰዓት ሳታውቁት ያልፋል።

ቴራጄነሲስ የተለየ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የስልክ ጌም ነው። እዚህ ሥራችሁ ቦታ መምረጥ አይደለም፤ የተሰጣችሁን ፕላኔት ለኑሮ ማብቃት ነው። ማርስን ወስዳችሁ ሙቀቷን፣ የአየር ግፊቷን፣ ኦክስጅኗን፣ የውሃዋን መጠን ቀስ በቀስ ታስተካክላላችሁ። አንዱን ስትጨምሩ ሌላው ይናጋል። ከሁሉም በላይ "ቀለበት ውስጥ መግባት ብቻውን አይበቃም" የሚለውን ልጅ ልብ ውስጥ የሚያስገባው ይህ ነው። የእህቴ ልጅ ማርስን ሲያሞቅ አየሯ ስስ መሆኑን አላስተዋለም ነበር። ተበሳጨ። ከዚያ ራሱ ተመልሶ የግፊቱን ቁጥር አነበበ። እኔ ብነግረው ኖሮ አንድ ሳምንት አይቆይለትም ነበር። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ጌሙ ረጅም ነው፤ በአንድ ቅዳሜ አያልቅም፣ ለክበብ አይሆንም። ደግሞም ሲወርድ ነጻ ሆኖ ውስጡ በገንዘብ የሚከፈቱ ነገሮች አሉት። ስልኩን ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ግዢውን በይለፍ ቃል ዝጉት። የአስተዳደርና የግንባታው ክፍልም በርካታ ስለሆነ ከሰባተኛ ክፍል በታች ላለ ልጅ ይከብዳል።

ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ የሚሠራ ኮምፒውተር ካለ፣ የነብራስካ ሊንከን ዩኒቨርሲቲን የምቹ ቀጠና ማሳያ ፈልጉ። መልኩ ደረቅ ነው። ሳይንሱ ግን ከሁሉም የጠነከረ ነው። የኮከቡን ክብደት በመንሸራተቻ ትለውጣላችሁ፣ ቀለበቱ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ከዚያ ጊዜውን ታስኬዱታላችሁ። ኮከብ ሲያረጅ እየደመቀ ይሄዳል፤ የእኛም ፀሐይ በየአንድ ቢሊዮን ዓመቱ 10 በመቶ ገደማ ትደምቃለች። ስለዚህ ቀለበቱ ወደ ውጭ ይገፋል፣ መሬትም አንድ ቀን ከኋላ ትቀራለች። ይህን ያየች አንዲት ልጅ ደንግጣ እጄን ያዘችኝ። "ቢሊዮን ዓመት ነው፣ አይዞሽ" አልኳት። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል መምህራን ሌላውን ሁሉ ትተው ይህን ቢይዙ አይቆጩም።

ፌት የሚባሉት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ማሳያዎች ስለ ምቹ ቀጠና በቀጥታ አያስተምሩም። ለምን እጠቅሳቸዋለሁ ታዲያ? ምህዋር ምን እንደሆነ ያልገባው ልጅ ቀለበቱም አይገባውም። "ግራቪቲ ኤንድ ኦርቢትስ" የሚለው ላይ ስበቱን ስታጠፉት ፕላኔቷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ያቺ አንድ ነገር ብቻ ትበቃለች። ደግሞ እንደ አንድ ፋይል ወርዶ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል፤ አንድ ሰው ካወረደው ለሌላው በብሉቱዝ ይልክለታል። ዩኒቨርስ ሳንድቦክስ ደግሞ ግሩም ነው፤ ግን የሚገዛ ነው፣ ጠንካራ ኮምፒውተርም ይፈልጋል። ላለው ሰው ጥሩ ነው፤ ለሌላው እሱን እያሰቡ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

በአጭሩ እንዲህ አድርጉ። ቤት ውስጥ አንድ ትልቅ ልጅና አንድ ስልክ ካላችሁ ቴራጄነሲስን ያዙ፣ ክፍያውን ዝጉ። ክበብ ከሆናችሁ በሱፐር ፕላኔት ክራሽ ጀምሩና በናሳው ካርታ ጨርሱ። መምህር ከሆናችሁ የነብራስካውን። ልጁ ትንሽ ከሆነ ከስልኩ በፊት የሚከተለውን ሞክሩ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

አንድ ሽምብራ፣ አንድ ጤፍ

ጠመኔ፣ ሜትር፣ አንድ የሽምብራ ፍሬና ጥቂት ጤፍ ያዙ። 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትርን አንድ ሜትር አድርጉት። በዚህ ልክ ፀሐይ 9 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኖራታል፤ ሽምብራ ናት። መሬት ላይ አስቀምጧትና ዙሪያዋን በጠመኔ አስምሩ። ቬነስ 72 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ እኛ አንድ ሜትር ላይ፣ ማርስ አንድ ሜትር ተኩል ላይ። የእኛ ፕላኔት ከጤፍ ፍሬ አሥር እጥፍ ያህል ታንሳለች፤ በዓይን ስለማትታይ በጣታችሁ ብቻ አመልክቱ።

አሁን ቀለበቱን አስምሩ። እዚህ ላይ ለልጆቹ እውነቱን ንገሯቸው፤ ዳር ድንበሩ እስካሁን ያከራክራል። በ1993 እ.ኤ.አ. ጄምስ ካስቲንግና ባልደረቦቹ የመሬትንና የፀሐይን ርቀት 1 ብለው በጥንቃቄ ሲያሰሉ ከ0.95 እስከ 1.37 አገኙ፤ በሽምብራችን ልክ ከ95 እስከ 137 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ራቪ ኮፓራፑና ባልደረቦቹ እንደገና ሲያሰሉ ከ0.99 እስከ 1.67 ገደማ ሆነ። ሁለቱንም በተለያየ ቀለም አስምሩ። ማርስ በአንዱ ውጭ ናት፣ በሌላው ውስጥ። እኛ ደግሞ በሁለተኛው ልክ ከውስጠኛው ዳር አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የራቅነው። አንድ ልጅ ተንበርክኮ ያቺን አንድ ሳንቲ ሜትር በጣቱ ሲለካት አይቻለሁ። ይህን የሚያደርግ ስልክ የለም።

ቀጥሎ ሽምብራዋን አንሱና አንድ የጤፍ ፍሬ በቦታዋ አድርጉ። ይህ ትራፒስት 1 ነው፤ 40 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቅ ቀይ ድንክ ኮከብ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሰባት ፕላኔቶች እንዳሉት ተነገረ። በእኛ ልክ ሰባቱም ከጤፉ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ ናቸው። ቀለበቱ ውስጥ የሚቆጠሩት ሦስቱ በ3፣ በ4 እና በ5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይዞራሉ። ያ ሁሉ ዓለም በአንድ ልጅ መዳፍ ይሸፈናል።

የእህቴ ልጅ መዳፉን ጤፉ ላይ ከድኖ ብዙ ቆየ። ከዚያ "ቅርቡ ኮከብ በዚህ ልክ የት ይሆናል አጎቴ?" አለኝ። አሰላነው። ፕሮክሲማ ከሽምብራችን 268 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ካርታ ላይ ከጎንደር ቀጥታ መስመር ወደ ደቡብ ሳብን፤ ከደብረ ማርቆስ ትንሽ አለፍ አለ። እሱም ቢሆን ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። በመካከሉ ሌላ ኮከብ የለም። ልጁ ስልኬን ተቀበለኝና ደብረ ማርቆስ ላለችው አክስቱ ደወለ። "አክስቴ" አላት፣ "አንድ የጤፍ ፍሬ ያዢልኝ።"